የአጭሩ ፖሊስ ድምፅ

ስለ አይካ ከመናገሬ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩ መታወቅ አለበት። ጂንካ ውስጥ በላይነህ ራዲዮ ሠሪው ሲባል የማያውቀኝ ሰው ካለ ከትናንት ወዲያ የመጣ ነው። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ራዲዮ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ ቴፕ ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ ማንም ሳያሳየኝ የሞተ ጄኔሬተር አስነስቻለሁ። እንግሊዝኛ ከመዝገበ ቃላትና ከአጭር ሞገድ ራዲዮ ተምሬያለሁ። የመሥሪያ ቤት ኤክስፐርቶች ማሽናቸው እንቢ ሲላቸው መጀመሪያ የሚያንኳኩት የእኔን በር ነው። ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ ቪዲዮ ቤት የከፈትኩትም እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ቪዲዮ ያየ የጂንካ ሰው ካለ ሌላ አገር ሄዶ ነው ያየው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው።

ባለፈው ክረምት የአንድ ሆቴል ቴሌቪዥን ጀርባውን ከፍቼ ስሠራ፣ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በበሩ አንገቷን አስገብታ፣ "ጋሼ፣ አይካ አረፈ" አለችኝ።

"የቱ አይካ?" አልኳት። በከተማው አይካ የሚባል አንድ ሰው ብቻ አይደለም ያለው።

የቱን እንደሆነ ማወቄን አውቃለች። "የእርስዎው ነዋ" አለች።

መበየጃውን አስቀመጥኩ። የእኔው ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ለመናገር ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት የቪዲዮ ካሴት በአርባ ምንጭ በኩል በአውቶቡስ ይመጣልኝ ነበር። ከመጡት ሁሉ ሕዝቡ የወደደው ስለ ሁለት ፖሊሶች የሚተርክ አንድ ተከታታይ ፊልም ነበር። አንደኛው ረጅምና ቆፍጣና ነው፤ ሌላው አጭር፣ ሆዳምና ቀልደኛ። ፊልሙ ያኔውኑ ያረጀ ነበር። ሱሪያቸው ከቁርጭምጭሚታቸው በታች እንደ ጃንጥላ ተዘርግቷል፣ የሸሚዛቸው ኮሌታ ትከሻቸው ላይ ይደርሳል፣ መኪናቸው ረዝሞ ረዝሞ ለመታጠፍ ሜዳ ይፈልጋል። በየክፍሉ ሌባ ያባርራሉ፣ የፍራፍሬ ጋሪ ይገለብጣሉ፣ አለቃቸው ጠረጴዛ እየደበደበ ይጮህባቸዋል፣ በመጨረሻ ሌባው ይያዛል። የፊልሙን ርዕስ የሚጠራ አልነበረም። ከተማው በሙሉ "ረጅሙና አጭሩ" ነበር የሚለው።

ተመልካቹ እንግሊዝኛ ስለማይሰማ የሚተረጉመው እኔ ነበርኩ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አደርግና ከጎኑ ከሰቀልኩት የአቡጀዲ መጋረጃ ጀርባ እቀመጣለሁ፤ በስንጥቁ እያየሁ በማይክሮፎን አወራለሁ። ረጅሙም አጭሩም አለቃውም ሌባውም እኔው ነበርኩ። ያልገባኝን ቦታ ከራሴ እሞላዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው የተሻለ ይሆን ነበር።

አይካ ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ የወረደ የአሪ ሰው ነው። ያኔ ጎረምሳ ነበር። በሥራ ቀን እንጨት ይፈልጣል፣ ብሎኬት ይሸከማል፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ጋር ቆሞ ይዘምራል። ለእኔ የጄኔሬተር ነዳጅ ያመጣልኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ተበትኖ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ፣ ጄሪካኑን ከመጋረጃው ጀርባ ሲያስቀምጥ እኔን ሳል ያዘኝ። በስክሪኑ ላይ የረጅሙ መኪና የፍራፍሬ ጋሪዎቹን እየገለበጠ ያልፋል፣ አጭሩ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ ግን የለም። አይካ ጎንበስ ብሎ እጄ ላይ ወዳለው ማይክሮፎን ተናገረ።

"ቀስ በል እንጂ ወንድሜ፣ የእናቶች ቅል ነው። አልዱባ ገበያ ላይ ብትሆን እንዲህ ሰብረህ ታልፋለህ?"

ቤቱ ከሳቅ ብዛት ሊፈርስ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጭሩ ፖሊስ የአሪ ሰው ሆነ። አይካ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ የሚያየው ፊታቸውን ነው። አማርኛውንም ለፊልሙ ብሎ አላቃናውም፤ እቤቱ ሲሆን እንደሚናገረው፣ የአሪኛው ቅላጼ እንዳለበት ይናገረዋል። አጭሩ ሁልጊዜ ይርበዋል። ተከበው፣ ጥይት አልቆባቸው፣ ረጅሙ ምን ይሻላል ብሎ ሲጠይቀው አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ "ጎደሬው ተቀቅሏል ወይ?" ይላል። አለቃቸው ሲያባርራቸው ደግሞ፣ "እሺ ጌታዬ፣ ቆላ ሃና ይመድቡን፤ እዚያ መኪና ስለሌለ የምንሰብረው አይኖርም" ይላል። ከተማው ይህን ሰምቶ ሰኞ ጠዋት በየሻይ ቤቱ ሲደግመው ይውላል።

ማይክሮፎናችን አንድ ነበር። አይካ በግራዬ ይቀመጣል። የአጭሩ አፍ ሲከፈት ወደ ግራ እዘረጋለታለሁ፤ ተናግሮ ሲጨርስ ክንዴን በቀስታ ገፋ አድርጎ ይመልስልኛል። አንተያይም፣ አንጠቃቀስም። ቆይቶማ እጄ ራሱ ጊዜውን ያውቅ ነበር።

ችግሩ፣ እሱ ከመጋረጃው ጀርባ መኖሩን ማንም ማወቅ አልነበረበትም። አይካ ማርታ የምትባል ልጅ ይወድ ነበር፤ እሷም ትወደዋለች። አባቷ ጋሽ ጳውሎስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። በዚያን ጊዜ በወንጌላውያኑ ዘንድ ቪዲዮ ቤት መግባት እንደ መጠጥ ቤት መግባት ነበር የሚታየው። ጋሽ ጳውሎስ ልጃቸውን ለሚፈልግ ሰው ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ ቪዲዮ ቤት የማይረግጥ ይሁን ብለዋል። ስለዚህ አይካ በጓሮ ይገባል፣ በጓሮ ይወጣል። ቢታወቅ ማርታን ያጣል።

ሰዎች ከፊልሙ በኋላ እየመጡ አጭሩን እንዴት አድርገህ ነው የምታወጣው ይሉኝ ጀመር። መጀመሪያ ላይ የልጁን ምስጢር ለመጠበቅ ብዬ ዝም አልኩ። ቀጥሎ ፈገግ አልኩ። ከዚያ በኋላ የጉሮሮ ጉዳይ መሆኑን፣ ጉሮሮ እንደ ማንኛውም ዕቃ ከሠሩበት ሁለት ድምፅ እንደሚያወጣ ማስረዳት ጀመርኩ። ፊልሙ ሊጀመር ሲል ሰው በሚያየኝ ቦታ ቆሜ ሙቅ ውሃ በማር እጠጣለሁ፤ ለአጭሩ ነው እላለሁ። ሰዎቹም "እርግጥ ነው ጋሽ በላይነህ" ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁና ወደ ሌላ ያያሉ። እኔ አክብሮት መስሎኝ ነበር።

አይካ ይህን ሁሉ ይሰማል። ግን አንድም ቀን ተቀይሞ አላየሁትም። ሊናገር ሲል የግራ ጆሮውን ጎተት የማድረግ ልማድ ነበረው። ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ምንም ብነግረው "ይሁን ጋሼ" ይላል። የቃሉን ክብደት ያኔ አላስተዋልኩትም።

አንድ ምሽት ፖሊሶቹ ሌባውን ሲያባርሩ መሐል ላይ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ቤቱ ጨለመ፣ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ፋኖስ ይዤ ወጣሁና ደጃፉ ላይ ካርቡሬተሩን ፈትቼ መንፋት ጀመርኩ። ከውስጥ፣ ያለ ማይክሮፎን፣ የአጭሩ ድምፅ መጣ። ረጅሙን አምፖሉን ስላጠፋህ ነው እያለ ይወቅሰዋል፤ ሌባው በግራ በኩል ሄደ፣ አይ ላም ናት፣ ላሟ ታስራ ትጠየቅ ይላል። እያየ ያለ ነው የሚመስለው። መብራት እስኪመጣ አንድም ሰው አልወጣም። ከተከታታዩ ፊልም ሁሉ ያ ጨለማው ክፍል ይበልጣል ያሉ አሉ። በማግስቱ ሻይ ቤት ተቀምጬ፣ ሰው ከሠለጠነ አንድ እጁ እየጠገነ አፉ ሊተርክ ይችላል ብዬ አስረዳሁ። እነዚያው ሰዎች፣ ደጃፉ ላይ ፋኖስ ይዤ ያዩኝ ሰዎች፣ "እርግጥ ነው" አሉ።

ከዚያ የአዳራሹ ቀን መጣ። ፖሊስ ከሕዝቡ ጋር ትልቅ ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ ከክልልም እንግዶች ይመጣሉ። አዛዡ ጠራኝና በፕሮግራሙ መጨረሻ ረጅሙና አጭሩ እንደሚታይ ነገረኝ፤ ሕዝብና ፖሊስን ያቀራርባል አለ። መጋረጃ ግን አያስፈልግም፤ ስቴጅ ላይ ቆመህ እንግዶቹ ሁለት ድምፅ ከአንድ አፍ ሲወጣ በዓይናቸው ይዩ አለኝ። አሞኛል ማለት እችል ነበር። እሺ አልኩ።

ለአይካ ስነግረው ጆሮውን ጎተተ። ጋሽ ጳውሎስ ከሃይማኖት አባቶች ጋር መጠራታቸውን፣ እሱንም ይዘውት እንደሚመጡ፣ ስለ ማርታ ሽማግሌ የሚልከው በሚቀጥለው ሳምንት መሆኑን ነገረኝ።

"አንተን ማን ጠየቀህ፤ ሁለቱንም እኔ እችላለሁ" አልኩት።

አልሳቀም፤ ትከሻውም አልተንቀሳቀሰም። "ይሁን ጋሼ" አለ።

እንደምችል እውነቴን ነበር ያመንኩት። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አጠገቤ፣ ክንዴ ሥር።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኮቴን ለብሼ ስቴጅ ላይ ቆምኩ። ረጅሙ ሲናገር ድምፄ ግድግዳውን አናወጠው፤ በዚያ ማንም አያማኝም። ከዚያ አጭሩ አፉን ከፈተ። እጄ ሳላዘው ማይክሮፎኑን ወደ ግራ ዘረጋ።

በግራዬ ማንም አልነበረም። እዚያ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ማይክሮፎን ለአየር ዘርግቼ ቆምኩ። የዘረጋሁትን ሳስተውል መልሼ ወደ አፌ አመጣሁትና አጭሩን ለማውጣት ሞከርኩ። የወጣው ድምፅ የተያዘ ፍየል ድምፅ ነው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ከበፊቱ ባሰ። አጭሩ ስክሪኑ ላይ አፉን ይከፍታል ይዘጋል። ቢስቁብኝ ይሻል ነበር። አልሳቁም። ከፊት እስከ ኋላ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የገዛ ጫማውን ያያል። ለምን እንደማይስቁ ያኔ አልገባኝም፤ ግን ፊቴ ነደደ።

ከሦስተኛው ረድፍ ድምፅ መጣ።

"ረጅሙ፣ ጉንፋን ይዞኛል ብዬህ አልነበር? አልሰማ አልከኝ። አሁን ተሽሎኛል፣ ና እንሂድ። ጎደሬው ተቀቅሏል ወይ?"

አዳራሹ ፈነዳ። አይካ ቆሞ ነበር። አጠገቡ ጋሽ ጳውሎስ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ፊት ለፊት ያያሉ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እሱ አልዞሩም። አይካ ያጣውን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ አላቆመም። እኔ ከስቴጅ፣ እሱ ከወንበሩ፣ ጨረስነው።

ከክልል የመጡት እንግዳ ተነሥተው ይህ ወጣት ማን እንደሆነ ጠየቁ። ማይክሮፎኑ እጄ ላይ ነው።

"ተማሪዬ ነው" አልኩ። "ድምፁን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

አይካን አየሁት። ጆሮውን ጎተተ። "አዎ፣ ጋሼ ናቸው ያስተማሩኝ" አለ።

አጨበጨቡልኝ። እንደዚያ ጭብጨባ የከበደኝ ነገር በሕይወቴ የለም። ጎንበስ ብዬ አመሰገንኩ።

በማግስቱ ጋሽ ጳውሎስ ቤት ሄድኩ። በአንደበቴ የልጁን ጋብቻ አተርፋለሁ ብዬ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ጋሽ ጳውሎስ ደጃፋቸው ላይ ለዶማ እጀታ ይጠርባሉ። ቤታቸው ከቪዲዮ ቤቴ ጀርባ ነው፤ በመሐል ያለው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ንግግሬን ገና ስጀምር እጃቸውን አነሡ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ" አሉኝ። "ቤቴ መጥቶ ሲጸልይ በዚሁ ድምፅ ነው የሚጸልየው። ግድግዳ ጆሮ የለውም ብለህ ነው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?" አልኳቸው።

"እኔ ፊት እስኪወጣ እየጠበቅሁት ነበር። ትናንት ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ትቀጣዋለች፣ ለጥቂት ጊዜ ከመዘምራን ይወርዳል። ሽማግሌውን ግን ይላክ።"

ደስ አለኝ። በእኔ ምክንያት የሆነ መሰለኝና ልናገር ስል እሳቸው ቀጠሉ።

"ከተማውም ያውቃል። አንተ ደጃፍ ላይ ጄኔሬተር ስትነፋ ውስጥ ማን ነበር የሚያወራው? ልጁ በየሻይ ቤቱ እየዞረ ለምኗቸው ነው። ጋሼ ደስ ይላቸዋል፣ ተዉአቸው እያለ።" ጥርባቸውን አቁመው አዩኝ። "ትናንት እሱን ብቻ አይደለም የጠበቅሁት። አንተንም ጠብቄህ ነበር።"

ያዘጋጀሁትን ንግግር ይዤ ተመለስኩ። መንገዱ ላይ የማገኘው ሰው ሁሉ ሰላም ሲለኝ አንገቴን የማስገባበት አጣሁ። ያ ሁሉ "እርግጥ ነው"፣ ያ ሁሉ ራስ መነቅነቅ፣ ያ ሁሉ ማር። ለካ በእኔ ጉዳይ አንድ ከተማ በሙሉ ተስማምቶ ኖሯል፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አይካ ማርታን አገባ። በሠርጉ ላይ ከክብር እንግዶቹ ጋር አስቀመጠኝ። የሳተላይት ዲሽ ሲመጣ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ፤ እሱ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ በሃና መንገድ ላይ አይሱዙ መንዳት ጀመረ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ተሳፋሪው ከመማረር ይልቅ ደስ ይለው ነበር ይባላል፤ አጭሩ ይመጣላቸዋልና። ድምፁ ከየት እንደመጣ ለጠየቀው ሁሉ የአዳራሹን መልስ ነበር የሚሰጠው። እኔ አላረምኩትም። ሱቄ ሲመጣ ስለ መኪናው ባትሪ እናወራለን፤ ሊናገር ሲል ጆሮውን ይጎትታል፤ እኔም ወሬውን በፍጥነት ወደ ባትሪው እመልሰዋለሁ። ሆስፒታል ተኝቶ ስጠይቀው እንኳ የተናገርኩት ስለጠገንኩት ቴሌቪዥን ነው።

ልብስ ሰፊዋ በነገረችኝ ቀን ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ከድንኳኑ ጥግ አግዳሚ ላይ ቦታ ተሰጠኝ። በግራዬ ጋሽ ጳውሎስ ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል፣ ጥርሳቸው አልቋል፣ በሁለት እጃቸው ከዘራቸውን ይዘዋል። መዝሙሩ ሲያበቃ የአይካ ትልቋ ልጅ ውሃ ይዛልኝ መጣችና እግሬ አጠገብ ተንበረከከች።

"ጋሼ፣ አባዬ ድምፁን እርስዎ እንደሰጡት ነበር የሚነግረን" አለች። "እኛ በስልክ እንኳ አልቀረጽነውም። እስቲ አንድ ጊዜ ያሰሙን፤ ታናናሾቼ ይስሙት።"

ሰዎቹን አየኋቸው። እነዚያው የአዳራሹ ሰዎች ናቸው፤ ፀጉራቸው ብቻ ነው የነጣው። ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያያሉ።

"እኔ አልሰጠሁትም፣ ልጄ" አልኳት። "የራሱ ነበር። አጭሩን አንድም ቀን አውጥቼው አላውቅም። እኔ የምችለው ረጅሙን ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ረጅሙን" አለች።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቢሆንም ድንኳኑን ሞላው። "ወንድሜ፣ ተከበናል፤ ጥይታችንም አልቋል። ምን ይሻላል?" አልኩ። እጄ ምንም ሳይዝ፣ ጣቶቹን እንደጨበጠ፣ ወደ ግራ ተዘረጋ።

እዚያው ቀረ። ልመልሰው ስል ጋሽ ጳውሎስ ወደ ጭብጤ ጎንበስ አሉ።

"ጎደሬው ተቀቅሏል ወይ?" አሉ፤ ጥርስ በሌለው አፍ፣ ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል።

ድምፁ ከአይካ ጋር በምንም አይመሳሰልም። ድንኳኑ ግን ሳቀ። ማርታ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ከዚያም አለቀሰች። ጋሽ ጳውሎስ ክንዴን ገፋ አድርገው መለሱልኝ።

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ የሠራሁትን ልቁጠር። ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ የመጀመሪያውን ቪዲዮ አሳይቻለሁ። ያለ መምህር እንግሊዝኛ ተምሬያለሁ፤ ባይሞላም። ሌሎች የጣሉትን ራዲዮ አናግሬያለሁ፤ ኮልቾ መንደር ድረስ ሄጄ የአንድ ክሊኒክ ማቀዝቀዣ አስነስቻለሁ፤ በጨለማ ካርቡሬተር ፈትቼ በጨለማ ገጥሜያለሁ። ልጆቼን አስተምሬያለሁ። ረጅሙን ፖሊስ፣ ረጅሙን ብቻ፣ ተናግሬያለሁ። አጭሩ ሲናገር ደግሞ ማይክሮፎኑን ይዤለታለሁ።